የጉማራ ዓሣ አበቅቴ

ክንዱ ዳኘው የጣናን ዓሣ ስድስት ዓመት ቆጠረ። ከስድስቱ ዓመት ውስጥ ዓሣውን በዓይኑ እያየ የቆጠረው ሁለት ወር ብቻ ነው። የቀረውን ሐሙሲት ከተማ፣ የብርጓል ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ የጎንደር አውቶቡስ ሲወጣ የባሕር ዳሩ ሲወርድ እያየ ቆጠረው። ይህን የሚያውቁ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ራሱ ክንዱ፣ ሁለተኛው እግዚአብሔር። እግዚአብሔር ደግሞ ለጽሕፈት ቤት ሪፖርት አይጽፍም።

ሰውየውን ሰነፍ ብሎ መገላገል ግን ደግ አይደለም። በ1970 ኅዳር ላይ ባሕር ዳር ባለው የዓሣ ጽሕፈት ቤት መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ሲቀጠር እንደ ማንም ጎበዝ ነው የተነሣው። ሥራው በሐይቁ ዳርቻ እየዞሩ በየቀኑ ስንት ቅርጫት ዓሣ እንደወጣ መመዝገብ ነበር። ጥር ላይ ታዲያ የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና የሚገባበት አፍ ላይ፣ በደንገል ታንኳ ተቀምጦ እርሳሱን ሲቀርጽ፣ አንድ ጉማሬ ከሥሩ ብድግ አለ። ታንኳው ወደ ሰማይ፣ ክንዱ ወደ ውሃ፣ መዝገቡ ወደ ዓባይ። አዘዘ የሚባል አጥማጅ በኮቱ አንገት ጎትቶ ባያወጣው ኖሮ ወሬው እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። ክንዱ ከዚያች ቀን ወዲህ ከጣና ጋር ተቆራረጠ። ውሃ በብርጭቆ ካልሆነ በቀር ዓይኑን አያሳየኝ ብሎ ማለ።

መሐላው መሐላ ነው፤ ወር በደረሰ ቁጥር ግን አለቃው ቁጥር ይጠይቃል። ክንዱ ደግሞ ከሜዳ ተነሥቶ ቁጥር መፍጠር አልሆንልህ አለው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ብሎ ቢጽፈው ለራሱም አስቀው። ኋላ ግን የልጅነት ትምህርቱ ትዝ አለው። ዘጌ ላይ ለምኖ የተማረ የቆሎ ተማሪ ነበርና ባሕረ ሐሳብን፣ ያንን ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል የሚሰላበትን የቤተ ክርስቲያን ቀመር፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ከዚያ ሦስት ቁጥር ተበደረ። ለዓመቱ የዓመቱን አበቅቴ ያዘ። ለዕለቱ የዕለቱን ተውሳክ ደመረ፤ ተውሳክ ቅዳሜ ስምንት፣ እሑድ ሰባት እያለ ቁልቁል ይወርድና ዓርብ ላይ ሁለት ይሆናል። በላዩ ላይ የጨረቃዋን ዕድሜ ጨመረበት። ሦስቱ ሲደመሩ የዕለቱ ዓሣ ይህን ያህል ቅርጫት ነው ይላል። የብርጓል ሻዩን ከማቅረቧ በፊት የሳምንቱ ዓሣ ተጠምዶ፣ ተቆጥሮ፣ መዝገብ ላይ ያድራል።

አንድ ነገር ግን ይነገርለት፤ ክንዱ ዓሣውን ዋሸ እንጂ አበቅቴውን አልዋሸም። አበቅቴ በየዓመቱ አሥራ አንድ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከሠላሳ ሲያልፍ ግን ሠላሳው ይገደፋል። በዚህ ምክንያት የ1973 አበቅቴ ሃያ አምስት ነበርና ዓሣው በረከተ፣ አለቃውም ከበላይ ተመሰገነ። በ74 አበቅቴው ስድስት ሆነ። አለቃው ተወቀሰ፤ ክንዱም እያዘነ ቁጥሩን ግን አልነካም። ከባሕረ ሐሳብ ላይ አንዲት ፍሬ መጨመር ነፍስን ያስኮንናል ብሎ ያምን ነበር።

አለቃው ጓድ አምሐ ይባላል። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሥር ያደገ፣ ሱሪው እንደ ቢላዋ የተተኮሰ፣ ዓሣ የማይበላ ሰው ነው። ወሩ ሲደመር የሚወጣውን አንድ ቁጥር ብቻ ያይና ይፈርማል። የየዕለቱን መዝገብ ገልጦት አያውቅም። እንዲህ እየተባለ እስከ ሚያዝያ 1976 ተኖረ።

በሚያዝያ ዘይነት ኑርሑሴን መጣች። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዓለማያ ተምራ፣ ሃንጋሪ ሦስት ዓመት ቆይታ፣ የውሃ ሕይወት ባለሙያ ሆና ተመደበች። ስትመጣ ከሻንጣዋ ሌላ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዛ ነበር። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ስትዘረጋው ሳጥን በሳጥን፣ ቀስት በቀስት ነው። ከታች ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር፤ ከበላዩ እርሱን የሚበላው የውሃ ትል፤ ከዚያ ዓሣው በየዓይነቱ፣ ቀረሶው፣ አምባዛው፣ ነጩ ዓሣ፤ ከሁሉ በላይ ሻላ የሚባለው የውሃ ወፍና አቆስጣ የሚባለው ዓሣ በል አውሬ፣ ሰውም ከነመረቡ። ማን ማንን እንደሚበላ ቀስቱ ያሳያል፤ ምን ያህል እንደሚበላ ቀስቱ ላይ ይጻፋል። ሞዴል ይባላል አለች። ሐይቅን እንደ በሽተኛ ምላስህን አውጣ ማለት አይቻልምና፣ በዪውና ተበዪው ተካክሎ እንደሆነ በሒሳብ ይታያል፤ ካልተካከለ ሐይቁ ታሟል ማለት ነው። ሠራተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ክንዱም ነቀነቀ፤ የሰው ሳጥን ላይ ያለው ቀስት ቁጥሩን የሚያገኘው ከእርሱ መዝገብ መሆኑን የሰማው ከነቀነቀ በኋላ ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ክንዱ መዝገቦቹን ታቅፎ መጥቶ ቀና ብሎ ሳያያት አስረከባት። እሷ ግን ከፍታ ባየችው ጊዜ ፊቷ በራ። ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳይዘለል! እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ሃንጋሪም አላየሁ ብላ በሰው ፊት አመሰገነችው።

ሦስት ሳምንት በካልኩሌተር ስትቀጠቅጥ ሰነበተችና የመጀመሪያውን ውጤት አወጣች። በክንዱ ቁጥር መሠረት ጣና ጤነኛ ብቻ ሳይሆን ዓሣው ሞልቶ ሊፈስ ነው። ጓድ አምሐ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም ሁለት ይከበራል፤ ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሃምሳ አዲስ የናይሎን መረብ ተቀምጧል። ወዲያው ወሰነ። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ሃምሳው መረብ ጉማራ አፍ ላይ ይዘረጋል፤ የበዓሉ ቀን እንግዳው ሁሉ ዓሣ እስኪሰለቸው ይበላል፤ ከዚያም በየክረምቱ ይቀጥላል።

ክንዱ ግን የተወለደው ጉማራ ዳር ነው። ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲደፈርስ፣ ነጩ ዓሣ እንቁላሉን ተሸክሞ ከሐይቁ ወደ ወንዙ ሽቅብ ሲወጣ እያየ ነው ያደገው፤ የሚወልደው ላይ፣ ጠጠሩ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት የአራስ ቤትን በር ከውጭ መቀርቀር ነው። አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት፤ ከዚያ በኋላ ነጭ ዓሣ በተረት ብቻ ይቀራል። የፈረደበት ደግሞ እርሱ ራሱ ነው፤ የብርጓል በረንዳ ላይ ሻይ እያማሰለ። እውነቱን ልናገር ቢል በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ አሻጥር የሚባል ወንጀል አለ፤ ስሙ ብቻ ሰው ያስበላል። ልተወው ቢል ዓሣው አለቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይኸው ነው።

መቼም ተንኮለኛ መላ አይጠፋውምና ሦስተኛ መንገድ ፈለገ። ሳልናዘዝ ሐይቁን ላሳምመው አለ። በማግሥቱ ዘይነት ዘንድ ገብቶ፣ ሻላ በቀን የሚበላው አንቺ እንደጻፍሽው አንድ ኪሎ አይደለም፤ አሥር ኪሎ ይሰለቅጣል፤ ያ ከረጢት መንቁሩ ለጌጥ የተንጠለጠለ መሰለሽ እንዴ አላት። ባየው ሻላ ሁሉ ላይ መሰከረበት። እሷም በትዕግሥት፣ ሻላው ራሱ አሥር ኪሎ እንደማይሞላ፣ የራሱን ክብደት በልቶም እንደማይበር አስረዳችው። አቆስጣውን አመጣ፤ አቆስጣው ጥቂት ነው አለችው። በመጨረሻ የሆዱን ቂም አውጥቶ ጉማሬስ አላት። ጉማሬ ዓሣ አይበላም፣ ሣር ነው የሚበላው፣ ሞዴሉ ውስጥ ሳጥን የለውም ብላ መለሰችለት። ክንዱ በዚህ በጣም ተከፋ። ያን ያህል ጥፋት ያደረሰ አውሬ እንዴት ሳጥን ይነሣዋል?

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። የሻላው ነገር ዘይነትን አስጠረጠራት። የመረጃ ሰው በማያገባው ገብቶ ስለ ወፍ ሆድ ይህን ያህል የሚጨነቀው ለምንድን ነው ብላ መዝገቡን እንደገና አነሣችው። በሳምንቱ፣ ረፋዱ ላይ፣ ክንዱን ክፍሏ ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ጋሽ ክንዱ፣ ዓሣ ጨረቃን ያውቃል» አለች ተረጋግታ። «ሌላ አገርም ታይቷል። ስለዚህ ቁጥርዎ ከጨረቃዋ ጋር ሲወጣና ሲወርድ አዲስ ሕግ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ጨረቃዋን ከሒሳቡ ሳወጣት ግን ከሥሯ ሳምንት ተቀምጧል። ቅዳሜ ከፍ፣ ዓርብ ዝቅ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ዛሬ ዓርብ ነው ብሎ ለዓሣው የነገረው ማነው?»

ክንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ምናልባት ዓርብ ለእናንተ የጸሎት ቀን ስለሆነ አጥማጁ ሳያርፍ አይቀርም ብሎ ሞከረ።

«እናቴ መሪየም ወረታ ላይ ዓሣ ስትሸጥ ሃያ ዓመቷ ነው። የናንተ ሰው ረቡዕና ዓርብ አይደለም እንዴ የሚጾመው? ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቶ፣ ሥጋው የቀረበት ሁሉ ዓርብ ጠዋት እኛ ደጅ ነው የሚጋፋው። አጥማጁ የሳምንቱን ትልቅ ዓሣ የሚያወጣው ለዓርብ ነው። ዓርብ ዓሣ የሚጠፋው በእርስዎ መዝገብ ብቻ ነው።»

ድቁና የተቀበለው ሰውዬ ዓርብ ጾም መሆኑን ረስቶ፣ የእስላም ልጅ አስታወሰችው። ክንዱ ከዚህ በላይ ምን ይሁን! ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና ሁሉንም ዘረገፈው፤ ጉማሬውን፣ የብርጓልን በረንዳ፣ አበቅቴውን፣ ተውሳኩን። ዘይነት አልሳቀችም። ተቆጣች፤ ቁጣዋም እውነተኛ ነበር። የተመሰገነችበትን ሒሳብ በሙሉ አበላሽቶባታል። ከሁሉ የባሰው፣ ይህን አዲስ ሕግ ብላ ለሃንጋሪው መምህሯ ስድስት ገጽ ጽፋለች። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት እንዲያደርስ የሰጠችው ደግሞ ለክንዱ ነበር።

ክንዱ ቀና አለ። ሄዶ ከራሱ ጠረጴዛ መሳቢያ ደብዳቤውን አመጣ፤ አሥራ ሁለት ቀን እዚያው ተኝቷል። ፖስታ ቤቱ ሐይቁ ዳር ስለሆነ ዛሬ ነገ ሲል ነው የቆየው። ዘይነት ደብዳቤዋን ተቀብላ አራት ቦታ ቀደደችውና፣ ስንፍናህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠቀመ ብላ ተነፈሰች። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ማለቱን ተወችው።

በማግሥቱ ጉማራ እንሄዳለን አለችው። ክንዱ ሆዴን ይቆርጠኛል አለ። እንግዲያውስ ጓድ አምሐ ዘንድ እንሂድ አለች። ሆዱን ተወው።

ግንቦትንና ሰኔን በሙሉ ጉማራ አፍ ላይ ከረሙ። የወሰዳቸው ያው አዘዘ ነው፤ አሁን ሸምግሎ አያ አዘዘ ተብሏል። ክንዱን ሲያየው፣ ያ መዝገብህ ተገኘ ወይ ብሎ ጠየቀው። ክንዱ ታንኳው ላይ በዐራት እግሩ ወጣ፤ ደንገሉን በሁለት እጁ ጨብጦ መዝሙረ ዳዊት ሲደግም ይውላል፤ ጉማሬው ያቃሰተ በመሰለው ቁጥር መዝሙሩ ከፍ ይላል። ቆጠራውም ቀላል አልነበረም። አያ አዘዘ ዓሣ አይቆጥርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ባይ ነው። ያወጣውን ዓሣ ሁሉ በዓሣው ጉንጭ በኩል በደንገል ልጥ ይሰካዋል፤ ስንት ነው ቢሉት ጥቂት ነው፣ ይመስገን ይላል። ስለዚህ እርሱ ፊቱን ወደ ሐይቁ ሲያዞር ዘይነት ዓሣውን በዓይኗ፣ ክንዱ በከንፈሩ ይቆጥራሉ። ምሳ ላይ ሦስቱ ከአንድ ሣሕን ዓሣ ይበላሉ። ሥጋ ቢሆን ማን አረደው ይባል ነበር፤ ዓሣ ግን በማንም ስም አይታረድምና የሁሉም ነው።

ቁጥሩ ግን አንገት ያስደፋል። የክንዱ መዝገብ ሃምሳ ቅርጫት በሚልበት ቀን ሰባት ቅርጫት ቢገኝ ነው። ነጩ ዓሣ ደግሞ ከሁሉ አንሷል። አያ አዘዘ በጉልምስናው ሐምሌ ሲገባ ዓሣው እየተጋፋ መቅዘፊያ ያስጥል እንደነበር ነገራቸው። ያን ዕለት ክንዱ መዝሙሩን አቆመ። አፈረ። ስድስት ዓመት በወረቀት ያበዛው ዓሣ ውሃው ውስጥ እያለቀ ነበር።

ዘይነት በእውነተኛው ቁጥር ሞዴሉን እንደገና ሠራችው። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ነገር አመለከቱ፤ መረቡ ሁለት ክረምት ጉማራ አፍ ላይ ከተዘረጋ በሦስተኛው ነጭ ዓሣ አይኖርም፤ እርሱ ሲጠፋ ሌላውም ይናጋል። በሐምሌ አጋማሽ ወረቀቷን ይዛ ጓድ አምሐ ዘንድ ገባች። ክንዱም ተከተላት፤ እግሩ ግን የራሱ አይመስልም ነበር።

ጓድ አምሐ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ወደ እሷ ገፋው።

«የስድስት ዓመቱን ሪፖርት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሞልቷል ብዬ ነው የፈረምኩት። ያ ሐሰት ነበር ከተባለ አሻጥር አለ ማለት ነው። አሻጥር ካለ አሻጥረኛ አለ። ማነው?»

ዓይኑ ክንዱ ላይ አረፈ። ዘይነት አፏን ልትከፍት ስትል ክንዱ ቀደማት። ኋላ ሲጠየቅ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም ነበር፤ ከጉማሬ ጋር ሁለት ወር የከረመ ሰው አለቃ ያንሰዋል መሰለኝ ይላል።

«ጓድ፣ ሐሰት የለም» አለ። «የፈረሙት ቁጥር እንዳለ ይሁን፤ አንዲት ፍሬ አይነካ። ወይዘሪት ዘይነት እኮ ከዚያው ከፈረሙት ቁጥር ውስጥ ሕግ አግኝታበታለች። የዓሣው መነሻ በየዓመቱ በቀን አሥራ አንድ ቅርጫት እየጨመረ ይወጣል፤ ከሠላሳ ሊያልፍ ሲል አሥራ ዘጠኝ ይወርዳል። በ73 ሃያ አምስት ነበር፤ በ74 ስድስት ሆነ። ያስታውሱታል?»

ጓድ አምሐ ያስታውሰዋል እንጂ! የ74ቱን ወቀሳ ያመጣችው ደብዳቤ ከነቁጥሯ ትዝ ትለዋለች።

«ዘንድሮ ሃያ ስምንት ላይ ነን» አለ ክንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መስከረም አንድ ቀን ዘጠኝ ይሆናል።»

ጓድ አምሐ ወደ ዘይነት ዞረና ይህ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ዘይነት መዋሸት አትወድም፤ እንደ ዕድል ሆኖ መዋሸት አላስፈለጋትም።

«እርስዎ በፈረሙት የስድስት ዓመት ቁጥር መሠረት አዎ» አለች። «መስከረም አንድ ቀን በትክክል ይወርዳል። አንድ ቅርጫት አይሳሳትም።»

ከዚያ በኋላ ክንዱ እሳቱን ማራገብ ብቻ ነበር የቀረው። እንግዶቹ በመጡበት ቀን መረቡ ተዘርግቶ ዓሣው ቢወርድ፣ አዲሱ መረብ ጨረሰው ነው የሚባለው፤ መረቡን ያዘዘው ማነው? ይልቅስ ከአሁኑ፣ ዓሣው በሚወልድበት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጉማራ አፍ ለአጥማጅ ሁሉ ይዘጋ ተብሎ ቢታወጅ፣ ሲወርድ ውድቀት መሆኑ ቀርቶ ዕቅድ ይሆናል። ሳይንስ ቀድሞ ያየው፣ አመራሩ ቀድሞ የወሰነው። ጓድ አምሐ መስኮቱ ጋ ሄዶ ሐይቁን አየ። ሲመለስ ሐሳቡ የራሱ ሆኖ ነበር። እንዲያውም ይህን እኮ ካሰብኩበት ቆይቻለሁ አለ፤ ሁለቱም አሰቡበት ብለው መሰከሩለት።

ሃምሳው መረብ መጋዘኑ ውስጥ ቀረ። የጉማራ አፍ ለአጥማጅ እንዲዘጋ ትእዛዝ ወጣ፤ አያ አዘዘና ጓደኞቹም ዓሣው ጾም ያዘ ብለው ተቀበሉት፣ ጾም ከሆነ ማን ይሽራል? የዘይነት ሞዴል ከነቀስቱ፣ የክንዱ ሠንጠረዥ ከነአሥራ ዘጠኙ፣ በጓድ አምሐ ፊርማ ታሽጎ አዲስ አበባ ተላከ። ክንዱ ሠንጠረዡ ሲታሸግ አይቶ ሦስት ሌሊት አልተኛም። ዘጌ ላይ የተማረ ሰው አዲስ አበባ ይጠፋል? ዘይነት አይዞህ ትለው ነበር፤ ይሁንና የፖስታ መኪና በመጣ ቁጥር እሷም በመስኮት ትመለከት ነበር።

መልሱ በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት መጣ። ጓድ አምሐ ሁለቱን አስጠርቶ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው። ውሳኔው ተደንቋል፤ አፉ በየዓመቱ ክረምት እንዲዘጋ ጸድቋል። ፊቱ በርቶ አንብቦ ሲጨርስ ግን ግራ ገብቶት ወረቀቱን ወደ ክንዱ አዞረው። ኅዳጉ ላይ በቀይ እርሳስ፣ በጥሩ የቁም ጽሕፈት፣ አንድ ሌላ ነገር ተጽፏል።

«ለመረጃ ሰብሳቢው፦ የ1977 አበቅቴ ዘጠኝ መሆኑ ልክ ነው፤ መጥቅዕ ሃያ አንድ መሆኑን መጨመር ረስተሃል። የዓሣው ጾም ይጠበቅ። አንተ ግን ከእንግዲህ ጉማራ አፍ ላይ በታንኳ ተቀምጠህ በዓይንህ ቁጠር። በየዓርቡ።»

የጻፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ፊርማ የለውም። አንድ የቅኔ ቤት ሰው ካኪ ለብሶ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁሉን አውቆ፣ ሁሉን ትቶ፣ ለክንዱ ንስሐ ሰጠው። ጓድ አምሐ መጥቅዕ ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። ክንዱ በሒሳቡ የምትከተል ቁጥር ናት ብሎ መለሰ፤ ይህ ደግሞ እውነት ነበር። ዘይነት ሳል የያዛት መስላ ወጣች፤ ከኮሪደሩ ጫፍ ሳቋ ተሰማ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ክንዱ ታንኳ ላይ ወጣ። ጉማራ ደፍርሶ ይወርዳል፤ ነጩ ዓሣ ከታንኳው ሥር ጀርባው ብልጭ እያለ፣ እየተጋፋ ሽቅብ ይወጣል። ክንዱ እስከ መቶ አርባ ድረስ ቆጠረ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አዝሎ ደባለቀበት፤ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ጠፋው። አያ አዘዘ ተው አይቆጠርም አልሁህ እኮ አለው። ይህንን ሲባባሉ ነው ከቀኝ በኩል ውሃው ያበጠው።

ማታ ሐሙሲት የደረሰው ኮቱ እየተንጠባጠበ፣ መዝገቡን በጥርሱ ነክሶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መዝገቡ ዘይነት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል።

«ዓርብ። የጉማራ አፍ። ነጭ ዓሣ፦ መቁጠር አቃተኝ። ጉማሬ፦ አንድ።»

ዘይነት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሞዴል ጥግ ለጉማሬው አንዲት ሳጥን ሣለች፤ ከሳጥኗም አንድ ቀስት አወጣችና በቀጥታ ወደ ሰው ሳጥን፣ ወደ መረጃ ሰብሳቢው አገናኘችው።